ከቧንቧው በላይ ያለው ተራራ፦ የጎንደር ውሃና ደን ታሪክ



ጎንደር ላይ ውሃ ሲጠፋ የምንባባለው ነገር የታወቀ ነው። መብራት ስለሌለ ሞተሩ አልተነሳም፤ መስመሩ ተሰብሯል፤ የእኛ ሰፈር ፈረቃ ገና ነው። ይህን ተባብለን ቢጫ ጀሪካናችንን አንጠልጥለን እንወጣለን። መስጂድ የምናገለግል ሰዎች ደግሞ የጁሙዓ ዕለት ከማይክሮፎኑ በፊት የምናየው ሮቶውን ነው። ሮቶው ባዶ ከሆነ ያ ሁሉ ጀማዓ የት ውዱእ እንደሚያደርግ ማሰብ አለብን። ክረምት ሲገባ ወሬው ይቀየራል፤ ውሃው መጣ፣ ግን ደፈረሰ።

በዚህ ሁሉ ወሬ መሐል ተራራውን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አንሰማም። ውሃው ሞተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የት ነበር? በምን አለፈ? ከማሽኑ በፊት ማን አጣራው? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን በታሪክ በኩል ያያል። ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሁለት ወንዝ መሐል

አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መቀመጫቸው ሲያደርጉ የመረጡት ቦታ በሁለት ወንዞች መሐል ያለ ከፍታ ነው። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ሁለቱም ከከተማዋ በላይ ካሉት ተራሮች ይወርዳሉ፤ ውሃቸው ወደ መገጭ፣ ከመገጭም ወደ ጣና ይገባል። ስለ ጎንደር ሲወራ ሰው ሁሉ ግንቡን ያስባል። ግንብ ግን ውሃ በሌለበት አይቆምም፤ ጭቃውም ኖራውም ሠራተኛውም ውሃ ይፈልጋል። የፋሲል መዋኛ ተብሎ የሚታወቀው ገንዳ እስከ ዛሬ ለጥምቀት በዓል የሚሞላው ከቀሃ በተጠለፈ ውሃ ነው። የዚያን ዘመን ሰዎች ወንዝን ከመንገዱ አውጥቶ የመምራት ጥበብ ነበራቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ይገባል። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ቤተ እስራኤሎችም ለብቻቸው እንዲሰፍሩ፣ ፍራንኮች የሚባሉት ካቶሊኮች ደግሞ ከአገር እንዲወጡ ተባለ። በ1678 ውሳኔው በሌላ ጉባኤ ተደገመ። የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር በቀሃ ወንዝ በኩል፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በታች ሆነ። እስላም ቤት የተባለው፣ ኋላም አዲስ ዓለም እየተባለ የተጠራው አካባቢ የዚያ ታሪክ ወራሽ ነው።

በ1699 አፄ ኢያሱን ለማከም በሰናር በኩል የመጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ፖንሴ ሙስሊሞች በከተማዋ ታችኛ ክፍል በተለየ ሰፈር እንደሚኖሩ ጽፎ አልፏል። ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ1770፣ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ከወንዙ ማዶ ያለውን የሙስሊሞች ከተማ አይቷል። ትጉህና ሠራተኛ ሰዎች መሆናቸውን፣ ብዙዎቹም የንጉሡንና የመኳንንቱን ጓዝና ድንኳን የሚያስተዳድሩ መሆናቸውን መስክሯል። ንጉሥ ሲዘምት ድንኳኑን የሚተክሉትና የሚነቅሉት እነሱ ነበሩ። ንግዱም ሽመናውም በአመዛኙ በእነሱ እጅ ነበር።

ይህን የምናነሳው የቆየ ቁስል ለመንካት አይደለም። ስለ ውሃ ስለሚነግረን ነው። «ታችኛው ክፍል» የሚለው ቃል ለታሪክ ተማሪ የቦታ ምልክት ነው፤ ውሃ ለሚቀዳ ሰው ግን ዕጣ ፈንታ ነው። ኮረብታው ላይ የታጠበው፣ የፈሰሰው፣ የተጣለው ሁሉ ዝናብ ሲመጣ ወደ ታች ይሄዳል። ታች ያለ ሰው የወንዙን ጠባይ ከላይኛው ቀድሞ ያውቃል፤ መቼ እንደሚደፈርስ፣ መቼ እንደሚሸት፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚከዳ። በቀን አምስት ጊዜ ፊቱንና እግሩን የሚታጠብ ሕዝብ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል። አያቶቻችን ስለ ተፋሰስ ትምህርት አልወሰዱም፤ የቀሃን ውሃ በመዳፋቸው ሲዘግኑ ግን ከላይ ምን እንደተደረገ ያነቡ ነበር ብለን እናምናለን።

እንጨቱ የት ሄደ?

ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት አንድ ቦታ ተቀምጠው አይቆዩም ነበር። በ1520ዎቹ ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው ከተማ የድንኳን ከተማ ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። ታሪክ አዋቂዎች ለዚህ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ማገዶ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊትና ተከታይ አንድ ተራራ ላይ ሲሰፍር ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚነደው እንጨት ያልቃል። ያኔ ሰፈሩ ይነሳል፤ ተራራውም ያርፋል።

ጎንደር ግን አልተነሳችም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መናገሻ ሆና ቆየች። እንጀራው በየቀኑ ይጋገራል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ብረቱ ይቀጠቀጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኖራው አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ የመጣ ባለሙያ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ እንዳገኘ በዚያን ጊዜ የነበሩ ሚሲዮናውያን ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ነው ግንብ በኖራ መገንባት የተስፋፋው። ኖራ ደግሞ ድንጋዩ በኃይለኛ እሳት ካልተቃጠለ ኖራ አይሆንም፤ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ያ እሳት በከሰል ድንጋይ ወይም በናፍጣ አልነደደም። በእንጨት ነው። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት እያንዳንዱ ግንብ በኖራው ውስጥ የአንድ ኮረብታ ዛፍ ይዟል ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም።

የአዲስ አበባም ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። ከተማዋ በተመሠረተች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማገዶ አልቆ አፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለም የምትባል ሌላ ከተማ መቆርቆር ጀምረው ነበር። (የስሙ መመሳሰል አይግረማችሁ፤ አዲስ ዓለም በአገራችን ብዙ ነው።) አዲስ አበባን ከመነሳት ያዳናት በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ጎንደርን ያዳናት ዛፍ አልነበረም። ዙሪያዋ እየተራቆተ፣ ሴቶቿ ለማገዶ እየራቁ ሄዱ። በ1860ዎቹ የአፄ ቴዎድሮስ ዘረፋና ቃጠሎ፣ በ1888ም የደርቡሾች ወረራ ሲጨመር ከተማዋ ሕዝቧን አጣች።

ስለ አርባ በመቶው

አንድ ነገር ማረም ይገባናል። ከትምህርት ቤት ጀምሮ «ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶዋ በደን ተሸፍኖ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀርቷል» የሚለውን ያልሰማ የለም። በየስብሰባው ይነገራል፣ በየፖስተሩ ይጻፋል። የኢትዮጵያን የግብርና ታሪክ ያጠናው ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህ ቁጥር በጠራ ማስረጃ ላይ ያልቆመ፣ አንዱ ከአንዱ እየገለበጠው የመጣ መሆኑን አሳይቷል። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። ያን ጊዜ የተነሱትን ፎቶዎች ይዘው ከ140 ዓመት በኋላ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የሄዱ ተመራማሪዎች እዚያው ቦታ ቆመው ዳግመኛ አነሱ። ብዙዎቹ ቦታዎች በ1868ም የተራቆቱ ነበሩ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ዛሬ የተሻለ ዛፍ አላቸው።

ይህ ለምን ያስፈልገናል? አንደኛ፣ ያልተጣራን ወሬ እያስተላለፍን ስለ ንጹሕ ውሃ መናገር አይሆንልንም። መድረሳ ላይ ስለ ኢስናድ የተማርነው ለሐዲስ ብቻ አይደለም፤ ወሬ ሁሉ ከማን እንደመጣ ይጠየቃል። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጣል። «ሁሉም በእኛ ዘመን ጠፋ» የሚለው ታሪክ ተስፋ ያስቆርጣል፣ ሐሰትም ነው። የሰሜኑ ደጋ የተራቆተው በረጅም ዘመን፣ በእርሻና በማገዶ፣ በግንባታና በጦርነት ነው። የተራቆተ ኮረብታ ከተከለለና ከተጠበቀ እንደሚመለስ ደግሞ ፎቶው ራሱ ምስክር ነው።

ደን ውሃን እንዴት ያጠራል?

የጎንደር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ከዚያ ሰማዩ ይዘጋል። ስለዚህ የእኛ ችግር ዝናብ ማነስ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ዓመት የምንጠጣውን አላህ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ያወርደዋል፤ ጥያቄው መሬታችን ተቀብሎ ያስቀምጠዋል ወይስ አያስቀምጠውም ነው።

ዛፍ ባለበት ኮረብታ ጠብታው መጀመሪያ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ኃይሉ ይሰበራል። ከዚያ በመሬቱ ላይ ወደተነጠፈው ደረቅ ቅጠልና ብስባሽ ይወርዳል። ብስባሹ እንደ ስፖንጅ ነው። ከሥሩ ትሎችና ሥሮች የከፈቷቸው ቀዳዳዎች ስላሉ ውሃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በአፈሩ ውስጥ ሲያልፍ ቆሻሻው እየተያዘ ይቀራል፤ ብዙ ተውሳክም በመንገድ ይሞታል። ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ከታች በምንጭ ይወጣል። ጥር ላይ የምንቀዳው ውሃ የነሐሴ ዝናብ ነው።

ዛፍ በሌለበት፣ በታረሰና በተጋጠ ቁልቁለት ላይ ግን ጠብታው አፈሩን በቀጥታ ይመታል። የተፈታው አፈር ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ውሃው ላይ ላዩን ይሮጣል። ፍግ፣ ሰገራና አፈር ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንዝ ይገባል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ለበጋ የሚተርፍ የለም።

ሊሞክረው የሚፈልግ ይሞክር። ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ እንደዘነበ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ውጡ። አንዱን ከእርሻ መሐል ከሚወርድ ጅረት፣ ሌላውን ዛፍና ቁጥቋጦ ከሸፈነው ገደል ከሚወርድ ጅረት ሙሉ። መስኮት ላይ አስቀምጣችሁ እስከ ማግስቱ ተዉአቸው። ከሥር የሚዘቅጠውን አፈር በጣት ለኩ። (አትጠጡት፤ የጠራ የሚመስል ውሃም ጀርም ይኖረዋል። ደን ያቀልልናል እንጂ ከማፍላትና ከክሎሪን አያድነንም።)

አንገረብ ግድብ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከተማችን ለረጅም ጊዜ የጠጣችው በአንገረብ ወንዝ ላይ ከተሠራው ግድብ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው ተፋሰስ ቁልቁለት የበዛበት፣ ብዙው የታረሰ መሬት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ውሃ ብቻ አያመጣም፤ ደለል ያመጣል። ደለሉ ከሥር ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ኪዩቢክ ሜትር ጭቃ የአንድ ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ቦታ ይወስዳል። ግድቡ በደለል መሞላቱ የብዙ ጥናት ርዕስ ሆኗል። በአንጻሩ ጠጪው እየበዛ ነው፤ የጎንደር ከተማ ሕዝብ በ1994 ቆጠራ 112,249 ነበር፣ በ2007 ቆጠራ 207,044 ሆነ። ገንዳው እየጠበበ፣ ተቀጂው እየበዛ።

የደፈረሰ ውሃ ዋጋውም ሌላ ነው። ማጣሪያ ጣቢያ ላይ ጭቃውን ለማዝቀጥ አልሙኒየም ሰልፌት ይጨመራል፤ ውሃው በደፈረሰ መጠን መድኃኒቱም ይበዛል። ክሎሪንም በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ሥራውን በደንብ አይሠራም፤ ተውሳኩ በአፈር ቅንጣት ውስጥ ተሸሽጎ ያመልጠዋል። ስለዚህ ከግድቡ በላይ ያለ አንድ ገበሬ እርከን ሲሠራና ዳገቱን ለዛፍ ሲተው የከተማውን የመድኃኒት ወጪ እየከፈለ ነው። እኛ ግን ለእሱ የምንከፍለው ነገር የለም። ይህ ፍትሕ ነው እንዴ? ለመገጭ ግድብም ጥያቄው ያው ነው። ብዙ ዓመት የተጠበቀው ይህ ግድብ ከላይ ያለው አፈር ካልተያዘ የአንገረብን ታሪክ በትልቁ ይደግማል።

ኢስታንቡል ምን አደረገች?

ሱልጣን ሱለይማን ዘመን ኢስታንቡል በሕዝብ ሞልታ ውሃ አጠራት። ሥራው የተሰጠው ለታላቁ መሐንዲስ ለሚማር ሲናን ነው። ሲናን ከ1554 እስከ 1564 ባሉት ዓመታት ከከተማዋ በስተ ሰሜን ካለው ደን ውሃ ሰብስቦ በድልድይ እያሻገረ ከተማ አስገባ። የውሃ መስመሩ ቂርቅ ቸሽመ ይባላል፤ «አርባ ምንጭ» ማለት ነው፤ የእኛዋን ከተማ ያስታውሰናል። በ1563 ታላቅ ጎርፍ መጥቶ ድልድዮቹን ሰባበረ፤ ሲናን እንደገና ሠራቸው። ማግሎቫ የሚባለው ድልድይ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ድልድዩን ሁሉም ያደንቃል። እኛን የሚገርመን ግን ደኑ ነው። ዑስማኖች ውሃው ከደኑ መሆኑን ስለተረዱ ደኑን ለውሃው ሲሉ ጠበቁት፤ ዛፍ መቁረጥ ተከለከለ፣ ጠባቂ ተሾመ። ሱለይማን በ1521 ቤልግሬድን ሲይዙ ከዚያ ያመጧቸው ሰዎች እዚያ ሰፍረው የውሃውን ሥራ እንዲጠብቁ ተደረገ፤ ደኑም በእነሱ ስም ቤልግራድ ደን ተባለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን መንደሩ ራሱ ውሃውን ያቆሽሻል ተብሎ ነዋሪዎቹ እንዲነሱ ሆነ። ጠባቂ ሆነው የመጡት ሰዎች ዘሮች፣ አደጋ ናችሁ ተባሉ። ይህ ቀላል ታሪክ አይደለም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ደኑ ግን ከ5,000 ሄክታር በላይ ሆኖ በዚያች ግዙፍ ከተማ ጫፍ እስከ ዛሬ አለ።

ዓለም ዛሬ ወደዚሁ ሐሳብ እየተመለሰ ነው። የዓለም ባንክና የዱር እንስሳት ፈንዱ ዳብልዩ ዳብልዩ ኤፍ በ2003 ባወጡት ጥናት ከዓለም 105 ታላላቅ ከተሞች 33ቱ ከሚጠጡት ውሃ ጉልህ ድርሻውን የሚያገኙት ከተጠበቀ ደን ነው። ኒው ዮርክ በ1997 በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ማጣሪያ ከመገንባት ይልቅ ከላይ ካሉ ገበሬዎችና መንደሮች ጋር ተስማምታ ደናቸውንና ወንዛቸውን ለመጠበቅ መክፈልን መረጠች። እስከ ዛሬ ውሃዋ አብዛኛው በማጣሪያ ጣቢያ ሳያልፍ፣ ተውሳክ ብቻ ተገድሎበት ይጠጣል። ሀብታም ከተማ ናት፤ ግን የመረጠችው ርካሹን መንገድ ነው።

ሒማና ሐሪም

በእኛ ዲን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም የጸና ነው። ነቂዕ የሚባለውን ስፍራ ሒማ፣ ማለትም የተከለለ ግጦሽ፣ አድርገዋል። ፉቀሃዎችም ለጉድጓድ፣ ለምንጭና ለወንዝ ሐሪም አላቸው ይላሉ፤ በዙሪያው ማንም ሊያርሰው፣ ሊገነባበት ወይም ሊያቆሽሸው የማይችል ክልል ማለት ነው። ወርዱ ስንት ክንድ ይሁን በሚለው መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ክልል ሊኖር እንደሚገባ ግን የታወቀ ነው። የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች የለቀቁት ዑስማን (ረ.ዐ) መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እኛ ግን ልናተኩርበት የምንፈልገው የዑመርን (ረ.ዐ) ነገር ነው። ዑመር ሒማ ሲከልሉ ሁነይ የሚባለውን ሰው ጠባቂ ሾሙ። ያዘዙት ትእዛዝ በቡኻሪ ተመዝግቧል፤ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የኢብኑ ዐውፍንና የኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ ነገሩት። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። የእነዚያ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት እርሻና የተምር ማሳ አላቸው፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል። አስተውሉ፤ የታገዱት ታላላቅ ሶሓቦች ናቸው።

ዛሬ ደን ሲከለል የምናየው ግን አንዳንዴ የተገላቢጦሹን ነው። በሸክም ጭራሮ ይዛ የምትወርደው እናት ትያዛለች፤ በሌሊት ግንድ ጭኖ የሚያልፈው መኪና ያልፋል። ያቺ እናት ለኑሮዋ እንጂ ለጥፋት አልወጣችም። የምትሸጠውን ማገዶ የምንገዛው ደግሞ እኛ የከተማ ሰዎች ነን። የደን ጥያቄ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የመብራት መቆራረጥና የእንጀራ ጥያቄም ነው።

ወደ ሰሜን ተራሮች

ከጎንደር ወጥታችሁ በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ብትወጡ ሌላ ዓይነት ደን ታያላችሁ። አስታው፣ ከፍ ሲልም ጅብራው። ጉም ሲመጣ ቅጠሎቹ ላይ ተይዞ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ የሚነሱት ወንዞች ወደ ተከዜ ይወርዳሉ፤ ቆላው የሚጠጣው የደጋውን ጉም ነው ማለት ይቻላል። ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። ለመውጣቱ ከተከፈለው ዋጋ አንዱ የግጭ መንደር ነው። በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ነዋሪዎች ተነስተው በደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ሆነ። የቤልግራድ መንደር ታሪክ በእኛ ተራራ ላይ ተደገመ።

በ2019 የጸደይ ወራት እሳት ተነስቶ አስታውንና ሣሩን ሲበላ የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ተጋደለ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ያን ጊዜ ሁላችንም ስለ ዋሊያና ስለ ጭላዳ ተጨነቅን። መጨነቃችን ተገቢ ነበር። ስለ ውሃው ግን ያወራ ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ በአገር ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረ። መትከል ደስ ይላል፤ ፎቶም ይወጣዋል። ማጽደቅ ግን ሦስትና አራት ዓመት ከከብት መጠበቅ ነው፣ ፎቶ የለውም።

ምን ይተከል የሚለውም ያከራክራል። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ባንክ ነው፤ ልጁን ያስተምርበታል፣ ቤቱን ይሠራበታል። አታብቅል ልንለው አንችልም። ምንጭ ዳር ሲተከል ግን ውሃውን ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ነገር እንደ ልብ ስለማይበቅል አፈሩን ባዶ ያደርገዋል። ለምንጭ ራስ የሚሆነው ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሾላው ነው። እውነቱን ለመናገር ማንኛውም ዛፍ ውሃ ይጠጣል፤ ደን ያለበት ተራራ በዓመት የሚያወርደው ጠቅላላ ውሃ ከባዶው ሊያንስ ይችላል። ልዩነቱ የጠራውን፣ በበጋም የሚቆየውን መስጠቱ ነው።

በጎንደር ዙሪያ ነባር ዛፍ የት ቀረ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ግልጽ ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ወይም ቁስቋምን ከሩቅ የምትለዩት በዛፋቸው ነው። ይህን ሳንሸፋፍን ጎረቤቶቻችንን ልናመሰግን ይገባል፤ በዛፋቸው ሥር የሰረገውን ውሃ ሁላችንም እንጠጣለን፣ ምንጩ ሃይማኖት አይጠይቅም። በእኛም በኩል በየገጠሩ የመቃብር ስፍራና የሸይኾች መኖሪያ ዙሪያ ያረጁ ዛፎች አሉ። አንዳንዱ ቦታ ላይ መስጂድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚወድቀው ዛፉ ነው። በቆርቆሮና በሴራሚክ የተጋጌጠ፣ ጥላ የሌለው ግቢ እየበዛ መሆኑ ያሳስበናል። ሰደቃ ጃሪያ ስንል ሮቶ እናስባለን፤ ይሁን፣ ሮቶም ያስፈልጋል።

በየሰፈሩ ያሉ አባቶችንና እናቶችን አንድ ነገር እንድትጠይቁልን እንፈልጋለን። በልጅነታቸው ይቀዱባቸው የነበሩትን ምንጮች ስም፣ የት እንደነበሩ፣ በዙሪያቸው ምን ዛፍ እንደነበረ፣ መቼ እንደደረቁ። በቀሃ በኩል ያለው ሰፈር ብቻ ስንት ስም እንደሚያወጣ እናያለን። የሰበሰባችሁትን በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፤ ኢንሻ አላህ አንድ ላይ አድርገን በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።

ወላሁ አዕለም።